ከብቶቹ ደህና ናቸው?

ሱዳን ውስጥ፣ ሀዋታ አካባቢ፣ ሦስት ክረምት ሰሊጥ አርሜያለሁ። ሦስቱንም ክረምት ያሠሩኝ አንድ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ሐጅ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ከመተማ ተሻግረን ለመጣን ልጆች አሠሪያችንም ዳኛችንም እሳቸው ነበሩ። ለስንቅ ማሽላ ሲሰፍሩልን የጣሳውን አፍ በእጃቸው አይጠርጉም፤ ቁልል እንዳለ ይገለብጡታል። አረሙ ሲያልቅ ወተት በባልዲ ያስወጡልን ነበር። ማታ ከብቶቻቸው ከወንዝ ሲመለሱ መንደሩ በአቧራ ይሸፈናል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ ሾዋክ ከተማ ሄጄ የቀን ሥራ ስሠራ ቆየሁና ሥራው ሲጠፋ ወደ ሀዋታ ተመለስኩ። የሚታረም ሰሊጥ አልነበረም። ናፍጣ የለም፣ ዘር የለም፣ ብዙው መሬት ጦሙን አድሯል። የእርዳታ እህል ከመኪና ከሚያወርዱ ሰዎች ጋር ተቀጠርኩ። አለቃችን ሱዳን ተወልዶ ያደገ የጎንደር ነጋዴ ልጅ ነው፤ አማርኛውን በዐረብኛ እያጣፈጠ ይሰድበናል። «ያ ዞል! አንተ ሰው! ጆንያ ነው ወይስ ሙሽራ የተሸከምከው? ፈጠን በል እንጂ!»

የዚያን ቀን እህሉ የሚታደለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ማሳቸው ያልተዘራ ገበሬዎችና ከብታቸው ተዘርፎ የተነዳባቸው አርቢዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለተራው ካርዱን ያስበሳል፣ እኛ ጆንያውን እግሩ ሥር እናወርዳለን፣ ይዞ ይሄዳል። ጎንበስ ብዬ ስለምውል ሰውን የማየው ከእግሩ ነው። አንድ የተጣፈ የቆዳ ጫማ አጠገብ ጆንያ አውርጄ ቀና አልኩ። ሰውየው በጥምጥማቸው ጫፍ እስከ አፍንጫቸው ተሸፍነዋል። ዓይናቸው ግን ያው ዓይን ነው።

ሠራተኛ የድሮ አሠሪውን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እዚህ አገር ያረመ ሁሉ ያውቃል። የያዘውን ይጥላል፣ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ይይዛል፣ ከዚያ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል። አጭር ሰላምታ ንቀት ነው። ሳላስብ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሐጅ! እርስዎ ነዎት? አልሐምዱሊላህ! ቤት ደህና? ልጆች ደህና? ዘሩስ ዘንድሮ እንዴት ነው? ከብቶቹስ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

ድምፄ ትልቅ ነው። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ከተሰለፉት ብዙዎቹ በእሳቸው ማሳ ላይ የሠሩ ናቸው።

«የትኞቹ ከብቶች?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተሰማ።

ሐጁ እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ጥምጥማቸውን ከፊታቸው አወረዱ፤ ከታወቁ ወዲያ መሸፈኑ ምን ያደርጋል። «ደህና ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ጎረቤቴን ላደርስ ነው የመጣሁት።» ጆንያውን ሳይነኩት፣ ሳይቸኩሉም፣ በበሩ ወጡ።

ይባስ ብሎ፣ ጀርባቸውን እያየሁ እንደ አረም ዘፈን ስለ ውርደታቸው ስንኝ መጣልኝ። ግጥሙ ቤት ሳይቀር ይመታል። በራሴ አፍሬ ምራቄን ተፋሁ።

አለቃዬ መጣና ጆንያውን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ከብታቸው ከተነዳ ቆየ እኮ። አልሰማህም?»

«አልሰማሁም።»

«ባለቤቱ ካልወሰደው ወደ መኪናው ይመለሳል። መኪናው መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ደግሞ የመንገዱን ጭቃ ጠይቀው።»

«እኔ አደርስላቸዋለሁ።»

«በምላስህ አባረህ በጀርባህ ልትታረቅ?» አለና ሳቀ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በል ውሰደው። በገበያው በኩል ግን እንዳትሄድ።»

በጓሮ በኩል ዞሬ ሄድኩ። የከብቶቹ አጥር እሾሁ እንዳለ ቆሟል፤ ውስጡ ሣር በቅሏል። ቤቱ ከጦርነቱ በሸሹ ዘመዶች ተሞልቷል። ልጆቹን ልቆጥራቸው ፈራሁ። ጆንያውን አውርጄ ልሂድ ስል ሐጁ ከገመድ አልጋቸው ተነሡ።

«ተፈደል፣ ግባ!»

«ሥራ አለብኝ፣ ሐጅ።»

«ከቤቴ ሳትበላ ወጥተህ ታውቃለህ?»

ሚስታቸው ጆንያውን ወደ ጓዳ ጎተቱት። የድንጋይ ወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። ሐጁ ስለ መተማ መንገድ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ጠዋቱ አንድም ነገር አላነሡም። በመጨረሻ የማሽላ ገንፎው በቀጭን የባሚያ መረቅ በትሪ መጣ። እንግዳና አባወራ አስቀድመው ይበላሉ፤ ልጆች የተረፈውን ይጠብቃሉ። በሩ ላይ ቆመው ነበር።

በጣቴ ጫፍ ቆነጠርኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ሐጁ። «አማቾቹ ቤት የገባ ሙሽራ ሆንክ? በአረም ጊዜ አንተ ስትበላ በሬዎቼ ይቀኑ ነበር እኮ!»

ከልባቸው ሳቁ። ገባኝ። ጥቂት ብበላ «ምንም እንደሌለዎት አውቄያለሁ» ማለቴ ነው። አብዝቼ ብበላ ደግሞ የምበላው በሩ ላይ ከቆሙት ልጆች ነው። ዓይኔን ወደ በሩ እንዳይዞር ትሪው ላይ ተክዬ ጎረስኩ።

«እንደሱ! እንደሱ ብላ፣ ልጄ።»

እሳቸውም እጃቸውን ወደ ትሪው ይሰዳሉ፤ ወደ አፋቸው ሲመለስ ግን አላየሁም።

በላሁ። ለክብራቸው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ገንፎው ትኩስ ነው፣ ይጣፍጣል። መሃል ላይ ስደርስ የእሳቸውን ክብር ረስቼ፣ ርቦኝ እየበላሁ እንደሆነ አወቅሁ። እጄ ግን አልቆመም። ሐጁ «ጠገብክ?» እስኪሉኝ ድረስ በላሁ። ትሪው ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ ጣቶቼን እያየሁ አቀርቅሬ ቀረሁ፤ ምን ያህል እንደተረፈ ግን አውቄዋለሁ።