ኩርፊያ በቡጎሎቢ

ካምፓላ ውስጥ ቡጎሎቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ አየር መንገድ፣ እኔ ናካዋ አንድ ቢሮ ውስጥ እንሠራ ነበር። አንድ እሁድ ታሞ ስለተኛው አባቴ ለእንግዶች ሳወራ ሳግ ያዘኝ። ባለቤቴ «እሷ እኮ እንባዋ ቅርብ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እንግዶቹም ሳቁ። በዚያው አኮረፍኩ።

ማኩረፍ ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ነው። እናቴ ስታኮርፍ ምግብ ታቀርባለች፣ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ቃል ግን አይወጣትም። በሦስተኛው ቀን አባቴ ጎረቤት ይልክባታል። ሴትየዋ ገና ከበሩ «በሞቴ! ስለ እኔ ስትይ!» እያለች ትገባለች። እናቴ እምቢ ትላለች፣ ትለመናለች፣ የሆዷን ዘርግፋ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትታረቃለች። እኛ ቤት ያኮረፈ ሰው በራሱ አፍ አይናገርም ነበር።

እኔም እንደ ወጉ ሸሚዙን እየተኮስኩ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። አስታራቂ እንኳ የማይልክብኝ ምን ያህል ቢንቀኝ ነው እያልኩ አረርኩ። እወደው ነበር፤ ግን ቀድሜ ከምናገር ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ግን ነቀዘ። በሁለተኛው ወር ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ዞር አላልኩም።

የፍቺውን ወረቀት በፈረምኩ ሰሞን፣ ከታች የምትኖረውን ኡጋንዳዊት ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ባልሽስ ስትለኝ ተፋታን አልኳት። ክው አለች።

«ያኔ እኮ ልኮኝ ነበር» አለችኝ። «አኩርፋኛለች፣ እዚህ ዘመድ የለንም፣ እባክሽ አንቺ አናግሪልኝ ብሎ ለመነኝ።»

ትዝ አለኝ። ባኮረፍኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ምግባቸውን ይዛ መጥታ ነበር። የሰው ትዳር ውስጥ ዘላ የምትገባ ሴት አይደለችም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጂንጃ መንገድ መጨናነቅ ስታወራ ቆየች። ልትወጣ ስትል እጄን ይዛ «ደህና ነሽ ግን?» አለችኝ። ገመናዬን ለጎረቤት አላወጣም ብዬ፣ ሳቅ እያልኩ «በጣም ደህና ነኝ» አልኳት።

«ከዚያስ ምን አልሽው?» አልኳት፣ እዚያው ደረጃው ላይ።

«ደህና ናት፣ እንዲያውም ስቃለች አልኩት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አመስግኖኝ ወደ ላይ ወጣ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በር በሩን ሳይ የጠበቅኳት አስታራቂ እሷ ነበረች። መጥታልኝ፣ ሻይ አጠጥቼ፣ ለማቶኬው አመስግኜ፣ እስከ በሩ ሸኝቻታለሁ።