አርባ አምስተኛው ወረቀት

ተማሪዎቹ «እትዬ በተራ» ይሏቸዋል። እውነተኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የኮሌጁን የፈተና አዳራሽ ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ ወረቀት ሲያድሉና ሲሰበስቡ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «በተራ ልጆች፣ በተራ» ነበርና ቅጽል ስሙ እንደ ጥላ ተከተላቸው። ባላቸው ሞቶባቸዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሰው ሲጠይቃቸው «ሰባ ሁለት ወንበር ሙሉ ልጅ አለኝ፣ በየዓመቱ የሚለወጥ» ይላሉ ሳቅ ብለው፤ የሳቁ ጫፍ ግን እንባ እንባ ይለዋል።

አዳራሹ ስድስት ረድፍ አለው፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ወንበር። ፈተና ሲያልቅ እትዬ ከፊት ከግራ ይጀምሩና የአንዱን ወረቀት ከሌላው በታች እየከተቱ እስከ ኋላው ጥግ ይዘልቃሉ፤ ከዚያ ጥቅሉን በነጭ ክር በመስቀለኛ ያስሩታል። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ጽፎ ሲገኝ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ የሚታወቀው ከዚህ ጥቅል ነው። ወረቀት ከእጃቸው ተዛንፎ አያውቅም። ሲሰበስቡ ድሮ እናታቸው ልብስ እያጠቡ ያዜሟት የነበረችውን ስንኝ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፦

ምሥጢሬን ለነፋስ ነግሬው ነበረ፣
ነፋሱ ተመልሶ ደጄን ሰባበረ።

አንድ ማለዳ የሕገ መንግሥት አስተማሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ነገሩን ሁሉ በሕግ ቁጥር ስለሚጠቅስ ተማሪዎቹ «አንቀጽ» ብለው ሰይመውታል። ስለ መናገር ነጻነት የተማሪዎችን አስተያየት ሊያጠና አሥራ ሁለት ጥያቄ አዘጋጅቷል።

«እትዬ፣ እርስዎ ያድሉልኝ። እኔ ካለሁ እኔን ደስ የሚለኝን ነው የሚጽፉት።»

«ስምስ?»

«ስም የለም። ስም ካለ እውነት የለም።»

እትዬ ደስ አላቸው። ከሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ማንም የማይወድቅበት ወረቀት ሊያድሉ ነው። ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ገብተው አዳራሹ ሞላ፤ አንድ ወንበር ባዶ አልነበረም።

«እትዬ፣ ስም ካልጻፍን ማርኩን ማን ይወስደዋል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለኔ ስጡኝ። እኔ እድሜ ልኬን ማርክ ሳድል እንጂ ሲደርሰኝ አይቼ አላውቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ጸጥ አለ፤ እስክሪብቶ ብቻ እንደ ካፊያ ይንሾካሾካል። የመጨረሻው ጥያቄ «ምንም ባትፈራ ስለ ኮሌጅህ ምን ትናገር ነበር?» ይላል። ብዙዎቹ ይህን ዘለሉት፤ ወይ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ቀለዱ። አራተኛው ረድፍ፣ ዘጠነኛው ወንበር ላይ ያለች ልጅ ግን እጇን አወጣች። በየፈተናው ተጨማሪ ወረቀት የምትጠይቅ ልጅ ናት፤ እትዬ በልባቸው «ትርፏ» ይሏታል።

«እትዬ፣ እውነት ማንም አያውቅም?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ እያለሁ? ማንም። አትፍሪ፣ የኔ ልጅ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ከፊት ከግራ ጀመሩ።

በሳምንቱ አስተማሪው ውጤቱን ይዞ አዳራሹ ድረስ መጣ። ከሰባ ሁለቱ ስድሳ ስምንቱ «ሰው ሁሉ የመሰለውን የመናገር መብት አለው» ብለዋል። ከእነዚያው ውስጥ ሃምሳ አንዱ ደግሞ «የኮሌጁን ስም የሚያጠፋ ተማሪ ይባረር» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል።

«መብቱን ሁሉም ይወደዋል እትዬ» አለ፣ ፈገግታው መራራ ነው። «የሚናገረውን ሰው ነው የማይወዱት።»

«ጥቅሉስ የት ነው?»

«ዲኑ ለመዝገብ ብለው ወሰዱት። ስም የለው፣ ምን ያደርጉታል?»

በማግስቱ እትዬ ወደ ዲኑ ቢሮ ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ ጥቅሉ ተፈትቶ ክሩ ከጎኑ ተጠቅልሏል። ዲኑ ወንበር አቀረቡላቸው፣ ጤናቸውን ጠየቁ፣ ከዚያ ሦስት ገጽ ወረቀት ገፋ አደረጉላቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ባለፈው ክረምት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የጸሐፊዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛ በትኩሳት ነደደች። ያለ ዲኑ ፊርማ ተማሪ እንዳይወጣ ታዝዟልና ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። ፈራሚ ፍለጋ ሲሮጥ ልጅቷ በሩ ሥር፣ ጭንቅላቷን ጓደኛዋ ጉልበት ላይ እንዳደረገች ሞተች። «ታምማ ነው ከቤቷ የመጣችው ብላችሁ ፈርሙ አሉን» ይላል ወረቀቱ። «ሁላችንም ፈረምን። እኔም ፈርሜአለሁ። እናቷ እስከ ዛሬ እውነቱን አታውቅም።»

«ይህ ክር የእርስዎ ነው አይደል?» አሉ ዲኑ።

«የኔ ነው።»

«እንግዲያው ይሄ አርባ አምስተኛው ወረቀት ነው። አራተኛው ረድፍ፣ ዘጠነኛው ወንበር።»

እትዬ ወረቀቱን ገለበጡት። ስም አልነበረውም፤ ተራ ግን ነበረው። ያን ተራ የሰጡት በገዛ እጃቸው ነው።

«ያን ቀን ቀላቅዬዋለሁ» አሉ።

ዲኑ ከልባቸው ሳቁ። «እርስዎ? ወረቀት ቀላቀሉ? ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ማን ተቀምጦ ነበር?»

«አላስታውስም።»

«ግድ የለም። ልጅቷን ልመክራት ነው እንጂ ልጎዳት አይደለም።»

«ልጅቷን» ማለታቸው ነው እትዬን ያስፈራቸው።

ከሰዓት በኋላ ዲኑ ራሳቸው ወደ አዳራሹ መጡ። ተማሪዎቹን አሰልፈው «ያን ቀን እንደተቀመጣችሁ ተቀመጡ» አሉ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። እትዬ በሩ አጠገብ ቆመው በሆዳቸው ለመኑ፤ ተደበላለቁ ልጆቼ፣ አንድ ቀን እንኳ ያለ ተራ ሁኑ። ሰባ አንድ የሕግ ተማሪ «ለምን?» ብሎ ሳይጠይቅ ወደየቦታው ሄደ። ትርፏ ብቻ ከኋላ፣ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

የክፍሉ ተጠሪ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «እኅቴ፣ ይሄ የኔ ቦታ ነው። ያንቺ እዚያ ነው፣ አራተኛው ረድፍ ላይ።» በክፋት አልነበረም። ሻርፕ የወደቀባትን ሰው እንደሚጠራ ነው ያላት።

ልጅቷ ተነሥታ ወደ ዘጠነኛው ወንበር ሄደች። ጫማዋ ሲረግጥ አዳራሹ ሙሉ ተሰማ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሁለት ዓመት አገዳት። አስተማሪው አንቀጽ በአንቀጽ የተደረደረ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አልመጣም። እትዬም ቀርበው «ማንም አያውቅም ብዬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። ጸሐፊው ይህን ቃለ ጉባኤው ውስጥ አላስገባውም።

ልጅቷ የምትሄድበት ቀን ጠዋት እትዬ አዳራሹን ለፈተና ያሰናዱ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ልሰናበትዎ ብዬ ነው። እርስዎ አላወቁም፤ አይዘኑ።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ያሰርኩትን ክር? አላሰብኩትም እንጂ አውቅ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ «ለአባዬ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?» አለች፤ እስከዚያ ሰዓት ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ።

እትዬ ሽርጣቸውን ፈትተው ወንበር ላይ አኖሩ። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጡት።

«እትዬ፣ ልጆቹ ቆመዋል እኮ፤ ማን ያስገባቸው?»

«እንደፈለጉ ይግቡ።»

ከልጅቷ ጋር ወደ አባቷ ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። እትዬ የሚሉትን ሲያሰናዱ፣ ሲያፈርሱ፣ መልሰው ሲያሰናዱ መንገዱ አለቀ። አባትየው አናጢ ናቸው። በራፋቸው ላይ መስኮት እያላጉ ነበር፤ ሻንጣውን ሲያዩ መላጊያው እጃቸው ላይ ቆመ። ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እትዬ ቀደሙ፣ የጻፈችውን ሁሉ፣ የሞተችውን ልጅ፣ በሩን፣ ወረቀቱን፣ ክሩን ሳያስቀሩ ተናገሩ።

«ልጅዎ አላጠፋችም» አሉ በመጨረሻ። «አትፍሪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

አናጢው የእንጨት ብናኝ ከቅንድባቸው ጠረጉ።

«እርስዎንስ ምን አደረጉዎ?»

እትዬ ልጅቷን አዩ፣ ሻንጣውን አዩ።

«ምንም» አሉ። «እኔን ምንም አላደረጉኝም።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሻንጣውን አንሥተው፣ ልጃቸውን በትከሻዋ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። እትዬ ይግቡ ሳይባሉ፣ ይሂዱም ሳይባሉ፣ ያላለቀው መስኮት አጠገብ ቆሙ።