የሀጃ መስኮት በሦስተኛው ምዕራፍ

ጎረቤቴ የጓሮ ቤቱን ግድግዳ ሊያስመርግ ጭድ በውሃ አርሶ ነበር። ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። ለሌላ ሰው የጭቃ ሥራ ሽታ ነው። እኔ ግን ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ካርቱም መጣችብኝ።

ካርቱም የኖረ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። መስኮት ላይ የሚገጠም ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን አለ፤ ሙከየፍ ይሉታል። ጎንና ጎኑ በጭድ ይሞላል፤ ውሃ በጭዱ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ማራገቢያው የውጪውን ትኩስ አየር በእርጥቡ ጭድ አሳልፎ ወደ ቤት ይስበዋል። በዚያ ሙቀት በደንብ የሚሠራ ሙከየፍ ያለው ሰው እንደ ንጉሥ ነው። ባለቤቴ ዶክተር የሆነው በዚህ ሳጥን ምክንያት ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ታገሡኝ፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። አሁን ሁሉንም ነገር ቀስ ብዬ ነው የምሠራው።

ደቡቡ ከሱዳን በተገነጠለ ማግስት ባሉት ዓመታት ነው። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ከአንድ ፎቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ አዲስ አበባ ፍልስፍና ሲማር በፖለቲካ ምክንያት ትምህርቱን ሳይጨርስ በመተማ በኩል ከአገር የወጣ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ለስደተኛ ልጆች እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል። አረብኛ መጻፍ የተማረው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ ጋዜጣ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ እኔ ከገበያና ከሰው ቤት በለቀምኩት አረብኛ እያረምኩት። በዚያ አረብኛ የመጀመሪያውን ዲግሪ አገኘ፣ ሁለተኛውን ጨመረ፣ ሦስተኛውን ጀመረ።

ጥያቄው አንድ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ አልቀየረውም። ማወቅ፣ መረዳትና ጥበብ በምን ይለያያሉ? አንድ ሰው ብዙ እውነት ይዞ አንዱ ከአንዱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ላያይ ይችላል ይል ነበር። መጀመሪያ ሲነግረኝ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

«ለዚህም ዶክተርነት ይሰጣሉ?» አልኩት።

«ለዚህ ካልሰጡ ለምን ሊሰጡ ነው?» አለኝ።

አማካሪው ጸጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሱዳናዊ ፕሮፌሰር ነበሩ። ረቂቁን አንብበው ሲጨርሱ ሦስተኛውን ምዕራፍ ለይተው መለሱለት። በምሳሌዎቹ ሁሉ በረዶ ይጥላል፣ ባቡር ይዘገያል፤ ሁሉም ከውጭ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው። «አንተ በረዶ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት። «ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ፈታኝ ይህን አያሳልፉህም።» ፈታኙን ሁሉም ይፈራቸው ነበር፤ ዓመት ጨምረህ አስተካክል ብለው ጥናት መመለስ ልማዳቸው ነው። ባለቤቴ ደግሞ የሚጨምረው ዓመት አልነበረውም። ዩኒቨርሲቲው አንድ የማስተማሪያ ቦታ በተስፋ ይዞለት ነበር፤ በዚያ ወር ካልጨረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

እኔ በዚያን ጊዜ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከአንዲት ሀጃ፣ መካ ደርሰው ከመጡ ባልቴት፣ ቤት እሠራ ነበር። ሸጋላ ይሉናል፤ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ፣ አንድ ጊዜ መምህር ልሆን የነበርኩ ሴት ነኝ፤ ቃሉ እስክሞት ይቆረቁረኛል። ሀጃ ክፉ ሰው አልነበሩም። ድምፃቸው ብቻ ጎረቤት ያስወጣል።

የሀጃ ሳሎን ሙከየፍ አልቀዘቅዝ አለ። የሚነፍሰው አየር እንደ ድስት እንፋሎት ሰው ላይ ይጣበቃል። ልጃቸው ኢንጂነር ነው፤ የሳጥኑን ነገር ሁሉ ያውቃል። ጭዱን አስቀየረ፣ የውሃ መሳቢያውን አስቀየረ፣ ማራገቢያውን ፈትቶ ገጠመ። አንድ ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ሀጃ ብርዱ እንዳይሸሽ እያሉ በርና መስኮቱን በሙሉ ያዘጉናል። እኔ ወለል እየወለወልኩ አያለሁ። ስለ ማሽን የማውቀው የለም። ግን ጭስ በሚሞላ ኩሽና ነው ያደግሁት፤ የጓሮው በር ካልተከፈተ በፊት ለፊት የገባው ነፋስ መሄጃ አጥቶ ጭሱን ባለበት እንደሚያስቀረው አይቻለሁ። ልጃቸው እዚያው ቆሞ ነበርና ዝም አልኩ። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ ከሙከየፉ ትይዩ ያለውን መስኮት አንድ ስንዝር ከፈትኩት።

«ያ ቢቲ፣ አንቺ ልጅ፣ ዝጊው። ያለችውንም ብርድ ልታስወጪብኝ ነው?»

«ሀጃ፣ ይቺን ሽንኩርት እስክከትፍ ብቻ ይታገሡኝ።»

ሽንኩርቱ ሳያልቅ መጋረጃው መወዛወዝ ጀመረ፤ ሳሎኑ ቀዘቀዘ። ሀጃ ስልክ አንሥተው ልጃቸውን መረቁት። «ማሽአላህ፣ የሠራኸው አሁን ገና ያዘ።» ወደ እኔ ዞረው «ልጄ አይደለም ያበጀው?» አሉኝ። «አዎ ሀጃ፣ ልጅዎ ነው» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ አቧራ ላራግፍ እያልኩ መስኮቷን ጠዋት ጠዋት እከፍታት ነበር።

ማታ ለባለቤቴ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለ። ሁለተኛ ነገርኩት። «ሦስቱም እዚህ አሉ» አለኝ። «ልጁ ሳጥኑን ያውቃል። አንቺ ክፍሉን ተረዳሽው። ልጁ በእናቱ ፊት እንዳያፍር እስኪወጣ መጠበቅሽ ደግሞ ጥበብ ነው። እኔ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ስፈልገው የኖርኩት ነገር ሀጃ ሳሎን ውስጥ ወለል ሲወለውል ነበር።»

«ሸጋላ መሆኔን ልትጽፈው ነው?»

«አንዲት ሴት ነው የምለው።»

«ሰው አንብቦ ሚስቱ ናት ይላል። ሀጃም ይሰማሉ። በኔ አምላክ አትጻፈው።»

ፊቴን አየኝ። ከዚያ ስነግረው የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ሰጠኝ። «ያንቺ ነው» አለ። ሦስተኛው ምዕራፍ ከነባቡሩ ታትሞ ለፈታኙ ተላከ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እኔንም አልወሰደኝም፤ ሁለታችንም ግን ተኝተናል እንባባላለን።

የዶክተርነት ፈተና በካርቱም እንደ ሠርግ ነው፤ ሙናቀሻ ይሉታል። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ቴምርና ጣፋጭ ይዞ፣ ሴቶቹ ለእልልታ ተዘጋጅተው። እኛ ዘመድ አልነበረንም። ፈቃድ ስጠይቅ ሀጃ ምክንያቱን አወጣጡኝ።

«ባልሽ ዶክተር ሊባል? ማነው የሚያጅበው? እናት የለውም?»

«እዚህ የለውም፣ ሀጃ።»

«እኔስ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት? ያላ፣ ረክሻ ጥሪ።» ባለ ሦስት እግሯን ባጃጅ ማለታቸው ነው።

የበዓል ቶባቸውን ተጠቅልለው፣ አንድ ጣሳ ቴምርና የውሃ ፔርሙዝ ይዘው በቀኜ ተቀመጡ። ከሁሉም የፈራሁት የሀጃን እዚያ መገኘት ነበር።

ሽማግሌው ፈታኝ ጥናቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከገጾቹ መሐል ብጥስጣሽ ወረቀት እንደ ሣር በቅሏል። ሰዋስው ጠየቁ፣ የግርጌ ማስታወሻ ጠየቁ። ባለቤቴ መልስ አላጣም። ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረሱ።

«ባቡሩን ተወው» አሉት። «በዚህ ከተማ፣ በቅርብ የምታውቀው፣ እያወቀ ያልተረዳ አንድ ሰው አሳየኝ። ሳያውቅ የተረዳም አሳየኝ። ማሳየት ካልቻልክ ሐሳቡ ያንተ አይደለም።»

የአዳራሹ ሙከየፍ ብቻ ያጉረመርማል፤ ሁላችንም በላብ ተጠምቀናል።

«ምሳሌ አለኝ፣ ፕሮፌሰር» አለ ባለቤቴ። «ግን የኔ አይደለም። ባለቤቷ አልፈቀደችልኝም።»

«ፍልስፍና በፈቃድ ሆነ እንዴ?» አሉ ፈታኙ። ሰው ሳቀ። አማካሪው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ወደ እኔም አላየም፤ ቢያየኝ እንደ ልመና እንዳይሆንብኝ ነው። ስድስት ዓመት የለፋበትን ነገር ለኔ ሲል ሊጥለው ቆሟል። የኔ እፍረት ያን ጊዜ በጣም ትንሽ ሆና ታየችኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሸጋላ ቢለኝ ምን ይጎድልብኛል ብዬ አሰብኩ። መናገር ግን አልቻልኩም። እኛ አገር ሰው «አዎ» ሲል አንዳንዴ ቃል አያወጣም፤ ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባታል። እኔም ሳብኳት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አዳራሹን ሞላችው።

«ምን ነካሽ?» አሉ ሀጃ፤ የታነቅሁ መስሏቸው ጀርባዬን መቱኝ፣ የፔርሙዙን ክዳን ሙሉ ውሃ አፌ ላይ ደቀኑ። በዚያ አዳራሽ ያቺን ትንፋሽ የተረዳት አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀና አለና ፈገግ አለ። ከዚያ «አንዲት ሴት ነበረች» ብሎ ጀመረ።

እየተናገረ ሲሄድ የሀጃ እጅ ጀርባዬ ላይ ቀረ። «ይኼ የኔ ሳሎን ነው» አሉ በሹክሹክታ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጁ በእናቱ ፊት እንዳያፍር ሴትዮዋ መኪናው እስኪወጣ ጠበቀች የሚለው ላይ ሲደርስ እጄን ጨበጡት።

«ሰሞኑን ሁሉ ልጄን ስመርቅ ከረምኩ። ያ ሁሉ ምርቃት የማን ነው አሁን?»

«ለሁለታችንም ይበቃል፣ ሀጃ።»

ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። ሙከየፉን አዩት፣ ጥርቅም ብለው የተዘጉትን የአዳራሹን መስኮቶች አዩ። «እስቲ ያንን ክፈቱት» አሉ። አንድ ተማሪ ተነሥቶ ከፈተ። ሁሉም ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ ጥናቱ ላይ የተሰካኩት ብጥስጣሽ ወረቀቶች መርገብገብ ጀመሩ፤ አንገታችን ላይ ብርድ ተሰማን። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊት ወንበር ደረሰ። ሽማግሌው እስክሪብቷቸውን አንሥተው ጽፈው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ባቡሩ ይውጣ። ሴትዮዋ ትግባ።»

ውጤቱን ሁላችንም ቆመን ሰማን። የሀጃ እልልታ የዩኒቨርሲቲውን እርግብ ሁሉ ከጣሪያ አስነሣ። እኔም የኛን እልል አልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልቻልኩም። እሱ ከመድረኩ ወርዶ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል መጀመሪያ ወደ እኔ መጣ። ሀጃ ጣሳውን ከፍተው ለፈታኙ ቴምር ሲያቀርቡ «ሳሎኑ የኔ ነው» እያሉ ነበር።

ቦታውን አገኘ፤ አስተማረ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ክፍል ይገባና መስኮቱን ሳይከፍት ሃያ ደቂቃ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ማለክለክ ሲጀምሩ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። ዶክተር መስኮት ይሉት ነበር። ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ መግቢያው ላይ አንዲት መስመር አኖረ፦ የሦስተኛው ምዕራፍ ምሳሌ በባለቤቷ ፈቃድ የገባ ነው። ያችን ገጽ አሁንም እከፍታታለሁ።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ካርቱም ታመመ፤ ሕመሙ ሲጠና አልጋው በሆስፒታሉ መስኮት ሥር ነበር፤ ከውጭ የእርጥብ ጭድ ሽታ ይገባል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ «እኔም ልጽፍህ ነው። ትፈቅድልኛለህ?» አልኩት። ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ሳባት። ከዚያ በኋላ አልመለሳትም።

«አዎ አለኝ» ስላት ነርሷ ትከሻዬን ይዛ «ትንፋሽ ናት፣ እናቴ» አለችኝ። «መጨረሻ ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው።» ልክ ነበረች፤ ሥራዋን ታውቃለች። አልተከራከርኳትም። መጋረጃውን ስባ እስክትወጣ ጠበቅኩና እጁን ይዤ አመሰገንኩት።