ግራማፎኑ ሥር የተኛው በር

«ሳጥን ውስጥ ያለው ሰውዬ ጅብ ይፈራል እንዴ ጌታዬ? የምፈራው እኔ ነኝ! የቤቴን በር ይመልሱልኝ!»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። የአባቴ ገባር ናቸው፤ ከጎባ ወደ ሪራ በሚወስደው መንገድ ዳር የአባቶቻቸውን መሬት ለእኛ ያርሳሉ። አባቴ ከሸዋ ዘምቶ እዚያው የቀረ ወታደር ነው። በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው «አንተ» ነበር የሚላቸው።

«አሁንም በር በር ትላለህ! ጥድ አስፈልጬ አዲስ አሠራልሃለሁ አላልኩህም?»

«እርጥብ ጥድ ይጣመማል። ያ ኮሶ ነው፤ አባቴ የጠረበው። ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ጠጥቷል።»

እውነታቸውን ነው። እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነበር። ግራማፎናችን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከጋዝ ሳጥን ጣውላ የተሠራ ስለሆነ፣ ሸክላው ላይ የተቀዳው በገና ወፍራም ክሩ በተመታ ቁጥር አብሮ እየነዘረ ግጥሙን ይውጠዋል። ሰው ረገጥ አድርጎ ካለፈ መርፌው ከሸክላው ላይ ይዘላል። እኔ ደግሞ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግጥም የምማረው ከዚያ ሸክላ ብቻ ነበር። አንድ ቀን እኚሁ ሰው ቤታቸው አስገብተው ብርዝ ሲያጠጡኝ በራቸውን በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ቋጥኝ ዝም አለ። ሄጄ ለአባቴ አወራሁ። በማግስቱ አሽከሮቹ ነቅለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ ግራማፎኑንም ከላዩ አስቀመጡት።

«የኔ በር እንዲህ መሆኑን ማን ነገረዎ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይኸው፣ ልጄ። ጆሮው አያድርስ ነው!» አባቴ ሳቀ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ብርዜን የጠጣው?» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ አንተ ንገርልኝ። የልጅ ልጆቼ የሚተኙት በሩ አጠገብ ነው። አሁን የላም ቆዳ ነው የጋረድኩት። ጅብ ቆዳ ይበላል» አሉኝ።

«እስኪ ስማው፤ ራስህ ትፈርዳለህ» አለኝና አባቴ መዘውሩን አዙሮ መርፌውን አሳረፈ። በሩ ከመጣ ወዲህ ሸክላውን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

«ይመለስላቸው» ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት በገናው ደረቱን ነፍቶ መጣ፤ ከሥሩ የነዘረ ነገር የለም። ስንት ወር የተዋጠብኝ የስንኝ መጨረሻ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ቀጣዩም እንዳያመልጠኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ሽማግሌው ቆመው ጠበቁኝ። እንደማልናገርላቸው ሲያውቁ ቡሉኳቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«እናንተስ በር አላችሁ» አሉ።

ወጡና በራችንን ባላቸው ጉልበት ሁሉ ከኋላቸው ወርውረው ዘጉት። ግድግዳው ተናወጠ፤ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። መርፌው ግን ከሸክላው ላይ ንቅንቅ አላለም።