የባልዲው ጥግ

ሽማግሌው በአፍላ ወጣትነታቸው እዚህ ቤት ውስጥ ታስረው ክረምት ከበጋ አሳልፈዋል። እንደ ከብት ታጉረው፣ ታመው፣ ለጥቂት ከሞት ተርፈው ወጡ። ዛሬ ወህኒ ቤቱ የሀብታም ሆቴል ሆኗል። ልጃቸው የት እንደምትልካቸው ሳታውቅ፣ “አባዬ አንድ ቀን እንኳ ይንደላቀቅልኝ” ብላ ክፍል ያዘችላቸው፤ እሳቸውም ቅር እንዳይላት ዝም ብለው መጡ።

ክፍል የምታጸዳው ሴት ስትገባ፣ ኮታቸውን እንደቆለፉ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አልጋው አልተነካም። ፊታቸው ዝንብ የገባበት ወተት የቀረበለትን ሰው ፊት ይመስላል። ሆቴሉ ለእንግዳ ያስቀመጠውን የፍራፍሬ ቅርጫት ከጥግ አንስተው በሩ አጠገብ አስቀምጠውታል።

“አባባ፣ ፍሬው ተበላሽቶ ነው? ልቀይርልዎት?”

“ፍሬው ምን በደለ ልጄ። ያኔ እስረኞች ሳለን ባልዲያችን እዚያች ጥግ ነበር የሚቀመጠው።”

“የውሃ?”

“የውሃማ ቢሆን ፍሬውን እበላው ነበር።”

ሴትየዋ ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው እግር ብረት በከዘራቸው ጠቆሙ። የሆቴሉ ሰዎች ወልውለው የፎጣ መስቀያ አድርገውታል።

“ይኸ የኛን ቁርጭምጭሚት የላጠ ብረት ነው። አሁን የፊት ፎጣ ሰቀሉበት። ያቅለሸልሸኛል።”

“ታዲያ ያን ጊዜ እንዴት ቻሉት አባባ?”

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

“ቦታ ስለሌለ ሁላችንም በአንድ ጎን ነበር የምንተኛው። ጎኑ የደነዘዘ ሰው ‘ዙር’ ካለ ሁሉም አብሮ ይዞራል፤ አለዚያ ማንም መዞር አይችልም። በሽተኛ አለ፣ የተኳረፈ አለ፣ ገና እንቅልፍ የወሰደው አለ። በዕድሜዬ ከሁሉም በልጦ የቀረልኝ እሱ ነው፤ አንድም ሰው አልዞርም አላለም።”