በርበሬ የነካ እጅ

ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤቷ በወላጆች በዓል ላይ የሕፃናት የቁንጅና ውድድር ሲያዘጋጅ ከክፍሏ የተመረጠችው እሷ ነበረች። ወሬውን ይዛ እየሮጠች መጣች። የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ፀጉር ቤት ወስጄ ፀጉሯን በፔስትራ እንዳስተኩስላት።

እኔ ደግሞ ለልጅ የምፈራ ሴት ነኝ። ውሃውን በክርኔ ሳልሞክር አጥቤያት አላውቅም። የጋለ ብረት በጆሮዋ ሥር ሲያልፍ ታየኝና ከለከልኳት። ያቃጥልሻል፣ ሹሩባ እኔው እሠራሻለሁ አልኳት። አኮረፈች፤ ቆይታ ግን እሺ አለች።

የምኖረው በበርበሬ ነው። ከመስቃን ገበሬዎች ዛላውን ገዝቼ፣ አንገቱን ቀንጥሼ፣ ፍሬውን አራግፌ ለደንበኞቼ አዘጋጃለሁ። የበዓሉ ቀን ጠዋት ለሠርግ የታዘዘ በርበሬ ነበረብኝ። ደንበኛዬ እንዳትቀየመኝ ሰግቼ ልጄ ከእንቅልፏ እስክትነሳ ስቀነጥስ ቆየሁ። ከዚያ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ መታጠቤን ዛሬም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ።

በዚህ ሥራ የቆየ እጅ ማቃጠሉን አይሰማም። በርበሬ በሳሙና ብቻ እንደማይለቅ፣ ቅባት ሲያገኝ ግን ከጥፍር ሥር ሳይቀር እንደሚወጣ በገበያችን የማታውቅ ሴት የለችም። ሕፃን ከማቀፋችን በፊት እጃችንን በዘይት አሽተን ነው የምንታጠበው። እኔም አውቃለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ብማርም ይህን ለማወቅ ደብተር አላስፈለገኝም። ያን ቀን ግን ረሳሁት። ልጄን በጉልበቶቼ መካከል አስቀምጬ፣ ለጋ ቅቤ በመዳፌ አቅልጬ ራሷን አሸሁ። ፀጉሯን በማበጠሪያ ጫፍ እየከፈልኩ ቀጫጭን ሹሩባ ጎነጎንኩ።

«እማ፣ ያቃጥለኛል» አለችኝ።

ሲጠብቅ እንዲህ ነው፣ ቻይው አልኳት።

መድረኩ ሜዳው ላይ ከጣውላ የተሠራ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጄ መጀመሪያ ቀጥ ብላ፣ ነጭ ቀሚሷን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ስትራመድ ልቤ ሞላ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴቶች ሹሩባዋን ማን ሠራት ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ አልኳቸው። ወዲያው ላብ በግንባሯ ወረደ። ዓይኗን ጨፈነች፣ አሸችው፣ ማልቀስ ጀመረች። እየተደናበረች ወደ እኔ ወረደች።

አቅፌያት ቢሆን ምን ነበረበት? የክንዷን ውስጠኛ ክፍል ቆነጠጥኩና በጆሮዋ፣ «ሰው እያየን ነው። እንባሽን ዋጪና ተመለሺ» አልኳት። ዓይኗንም በአውራ ጣቴ ጠረግኩላት። በዚያው ጣት።

ተመልሳ ወጣች። ምንም ስለማይታያት ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ቆመች። መድረክ መሪው ሰው በዛባት መሰለኝ ሲል ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለሴቶቹም፣ «ድሮም ፈሪ ናት» አልኳቸው። እሷ ከመድረኩ ስትወርድ ሰማችኝ።

ቤት ገብተን ራሷን ሳጥባት ጮኸች። የራሷ ቆዳ ቀልቷል። እጄን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁትና የራሴ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ያኔ ገባኝ። ግን ሳሙና ገብቶሽ ነው አልኳት። አባቷ ከሚሠራበት ከወልቂጤ ደውሎ እንዴት ሆነች ሲለኝም፣ ፈራች አልኩት። በብረት እንዳትቃጠል ብዬ የከለከልኳትን ልጅ በገዛ እጄ ማቃጠሌን ለሰው መናገር ሞት መሰለኝ።

ከወራት በኋላ መምህሯ አስጠራችኝ። ልጅሽ ተነስታ አታነብም፣ መልሱን አውቃም እጇን አታወጣም አለችኝ። ለምን ብላ ስትጠይቃት፣ «እኔ ፈሪ ነኝ፣ እማዬም ብላለች» ብላ መለሰችላት። መምህሯ ይህን ስትነግረኝ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆቼን ወደ ነጠላዬ ሥር ሰበሰብኳቸው።

ያን ቀን ወደ ቤት በእግራችን ስንመለስ ሁሉንም ነገርኳት። ጠዋት መቀንጠሴን፣ በዘይት አለማሸቴን፣ ሳሙና ነው ብዬ መዋሸቴን። ፈሪ እንዳልሆነች፣ ማንም ሰው ዓይኑ ውስጥ በርበሬ ገብቶ እንደዚያ መቆም እንደማይችል ነገርኳት። ባጃጅ ሲያልፍ ዳር ይዛ እየቆመች አብራኝ ተራመደች። በራችን ላይ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«በርበሬውን ረስተሽ ነው። እሺ። ለምን ቆነጠጥሽኝ?»

ሰው ስለሚያየን ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ሳለ አፈርኩበት።

አሁንም ሹሩባዋን የምሠራት እኔ ነኝ። በክፍል ውስጥ ተነስታ ማንበብ ጀምራለች፤ ድምጿ ግን ገና ዝቅ ያለ ነው ይሉኛል። እኔ እጄን በዘይት አሽቼ፣ ታጥቤ እቀመጣለሁ። እሷ ጀርባዋን ከመስጠቷ በፊት ሁለቱን እጆቼን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸታቸዋለች፤ መጀመሪያ መዳፌን፣ ከዚያ ጥፍሮቼን። አትቸኩልም። እኔም እጄን ዘርግቼ እጠብቃታለሁ።