ድመቴ፣ ሐያት እና ቀዩ ሶፋ

ልጅ እያለሁ ስቀና ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። እናቴ ወስፋት ነው ብላ በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት ታስውጠኛለች፤ እኔም እውነቱን ከማወጣ ሽንኩርቱን መዋጥ ይቀለኝ ነበር። በተለይ የአክስቴ ልጅ ሐያት ከቢቸና መጥታ ሞጣ እኛ ቤት በተቀመጠችበት ዓመት የዋጥኩት ሽንኩርት ለአንድ ድግስ ወጥ ይበቃ ነበር።

አባቴ ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። ለቤቱ አንድ ልጅ ነበርኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሎሚ የምትባል ቢጫ ድመት ነበረችኝ። እናቷ ጥላት ጠፍታ፣ ዓይኗ ገና በደንብ ሳይገለጥ፣ ጨርቅ ወተት ውስጥ እየነከርኩ አጥብቼ ያሳደግኋት ድመት ናት። ሌሊት እግሬ ሥር ካልተኛች እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሐያት በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናቷ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ታማ ሕክምና ላይ ስለነበረች፣ "እስኪሻላት እዚህ ትማር" ተብሎ አንድ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወረደች። ቀጭን ናት፤ ዝምተኛ ናት፤ የሰው ፊት አይታ ነው የምትናገረው። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት መጀመሪያ የእሷን ፀጉር ትሠራለች፤ የእኔን ቸኩላ ትጎነጉነዋለች። አባቴ ከሱቅ ጨርቅ ሲያመጣ ቀለሙን የምትመርጠው እሷ ናት። የክፍል አስተማሪያችን የእሷን ደብተር ከፍ አድርጎ "እንዲህ ነው ጽሑፍ" ይላል። ይህን ሁሉ እንደምንም ቻልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነቃ ግን ሎሚ እግሬ ሥር የለችም። በአንድ ብርድ ልብስ አብራኝ ከምትተኛው ከሐያት ብብት ውስጥ ገብታ ታንኮራፋለች።

ለዒድ አባቴ ሶፋ አሠራ። ጎረቤታችን አናጢው ጋሽ በላይ ነበር የሠራው፤ ቀይ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ፣ የቫርኒሽና የሙጫው ሽታ ለሳምንታት ከሳሎኑ ያልወጣ ሶፋ። እናቴ በእጇ ከፋዩን ወደ አንድ ጎን እየዳበሰች ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ዒዱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ሎሚ ከእንቅልፏ ነቃች፤ ወገቧን ለጠጠች፤ የፊት እግሮቿን በሶፋው ጎን ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለችና ከላይ እስከ ታች ቧጨረችው። የከፋዩ ክር እንደ ጺም ተንጠለጠለ።

"ወይ ሶፋው፣ ወይ እሷ!" አለች እናቴ።

አባቴ ብዙ አልተከራከረም። ቢቸና አጎቴ የእህል መጋዘን ነበረው፤ አይጥ አስመርሮታል። ቅዳሜ እህል ጭኖ የሚመለሰው መኪና ሎሚን በጆንያ ይዟት እንዲሄድ ተወሰነ። እኔ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ፤ እናቴም "ዝም በይ!" ብላ ጮኸችብኝ። ሐያት ግን አላለቀሰችም። በሩ ጋ ቆማ በዚያች ቀጭን ድምጿ፣ "አክስቴ፣ እስከ ቅዳሜ ይታገሡኝ። ሌላ የምትቧጭረው ነገር እንፈልግላት" አለች።

እናቴ ታገሠቻት።

ሐያት በቀጥታ ጋሽ በላይ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ከኋላ ተከተልኳት። ጋሽ በላይ ሳቀ። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ ምን ትደክሚያለሽ ልጄ?" አላት። ቢሆንም አንድ የተላገ ጣውላ ሰጣት። ሎሚ ጣውላውን አሽትታ ሄደች፤ ለስላሳ ነበርና ጥፍሯን የሚይዝላት ነገር የለውም። በማግስቱ ሐያት አሮጌ ምንጣፍ ቆርጣ አነጠፈችላት፤ ሎሚ ተኛችበት። ሦስተኛ ቀን ሐያት ከትምህርት ቤት መጥታ ምንም ሳትሠራ ድመቷን ብቻ ስታይ ዋለች። ማታ ላይ፣ "ገባኝ" አለች። "ስትነቃ ነው የምትቧጭረው። ደግሞ መንጠራራት ነው የምትፈልገው። ከቁመቷ የሚበልጥ፣ ስትስበው የማይነቃነቅ፣ ሻካራ ነገር ነው የሚያስፈልጋት።"

ጋሽ በላይ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። የባሕር ዛፍ ግንድ ቆርጦ ሰፊ ጣውላ ላይ በምስማር ተከለላት። ሐያት ግንዱን በቃጫ ገመድ ጥቅጥቅ አድርጋ ጠመጠመችውና ከሶፋው አጠገብ፣ ልክ ሎሚ በምትቧጭርበት ቦታ አቆመችው። ሶፋው ላይ አሮጌ አንሶላ ጣል አደረገችበት። ሎሚ ነቃች፤ ወገቧን ለጠጠች፤ ቃጫው ላይ ተሰቀለች። ክርር... ክርር...

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አባቴ ሐያትን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። "ይቺ ልጅ መሐንዲስ ነች!" አለ። ጋሽ በላይ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ወሬውን ያወራ ጀመር። ሎሚ ተረፈችልኝ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድመቴን ያዳንኳት እኔ አይደለሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም ገበያ በወጡበት ከጋሽ በላይ ደጃፍ ያነሣሁትን ምስማር ይዤ ሳሎን ገባሁ። አንሶላውን ገለጥኩ። ከፋዩን ከላይ እስከ ታች አንዴ ሳብኩት። ሁለተኛ ልጨምር ስል ተውኩት። ሐያት ስትወቀስ፣ "መሐንዲሷ" ስታፍር አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሎሚ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም ብል ግን ውሸት ነው፤ አስቤዋለሁ። ከሐያት ብብት ከምትተኛ ቢቸና መጋዘን ብትተኛ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

እናቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። "በቃ። ነገ ጆንያ!" አለች።

ሐያት ሶፋው ፊት ተንበረከከች። ጭረቱን በጣቷ ቀስ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ተከተለችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።

"አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ስጠርግ ግንዱን አርቄው ረሳሁት። ሎሚ ስታጣው ነው ሶፋው ላይ የወጣችው። ሁለተኛ አይደገምም።"

እናቴ ከመሬት አነሣቻትና፣ "ምንም አይደለም የኔ ልጅ" አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ግን፣ "አንቺ ደግሞ ምን ገትሮሻል? ሂጂ ውኃ ቅጂ!" ብላ አምባረቀች።

ያን ቀን የባሰ ቀናሁ። ፀጉሯ፣ ጽሑፏ፣ ድመቷ ሁሉ ቀርቶ ልቧ አስቀናኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐያት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። በእጇ የአባቴን ጥፍር መቁረጫ ይዛለች። "ያዢልኝ፣ አንቺን ነው የምታምነው" አለችኝ። ሎሚን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያዝኳት። ሐያት የሎሚን መዳፍ ከሥሩ በአውራ ጣቷ ጫን ስትል ጥፍሩ ከሽፋኑ ይወጣል። "ይሄ ሮዝ የሆነው ደም አለው፤ እሱን አትንኪ። ጫፉን ብቻ" አለችኝ። ሁለቱን ቆርጣ መቁረጫውን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ስቆርጥ እሷ የሎሚን ራስ ታክካለች። ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ ቀና ሳትል፣ "ድመት ስትቧጭር መስመሩ ሦስት አራት ሆኖ ጎን ለጎን ነው የሚወርደው" አለች። "ያ ግን አንድ ብቻ ነበር።"

የቀሩትን ጥፍሮች በእንባ ውስጥ ሆኜ ስለቆረጥኩ እንዳልሳሳት እጄን በእጇ ደገፈችልኝ።

ክረምቱ ሲገባ እናቷ ተሽሏት ሐያት ወደ ቢቸና ተመለሰች። ሎሚን ስጪኝ አላለችም፤ እኔም ውሰጃት አላልኳትም። ይህን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናቴ ያደረግሁትን ሳትሰማ ወደ አኼራ ሄደች። ባለፈው ወር ቢቸና ሐያት ቤት ልጠይቃት ሄጄ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ያ ሁሉ ዓመት በሆዴ የከረመውን ጠየቅኋት።

"ለምን አልነገርሽብኝም?"

ሳቅ አለች። "ብነግራት ትቆጣሽ ነበራ።"

"እና ብትቆጣኝስ? ይገባኝ ነበር።"

"ነገሩ አልገባሽም" አለችኝ። "አክስቴ ስትቆጣሽ እቀናብሽ ነበር፤ ሌላ ቁጣ ልጨምርልሽ አልፈለግሁም። በር ሳትዘጊ ስትወጪ ትጮህብሻለች፤ ምሳ ስትተዪ ትጮህብሻለች። እኔን አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም። ሌሊት ሌሊት እናቴ ብትሞት የሚቆጣኝ ሰው አይኖርም እያልኩ አለቅስ ነበር። ሎሚም ለዚያ ሳይሆን አይቀርም ወደ እኔ የመጣችው።"

አንድ ብርድ ልብስ ሥር ሁለት ልጆች፣ ፊትና ጀርባ ሆነን፣ አንዳችን በሌላችን ስንቀና ከርመናል።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። ሞጣም ልጆች በየስልካቸው የድመት ፎቅና የድመት አልጋ ያያሉ፤ በአንድ ብርድ ልብስ ሁለት የሚተኛ ልጅም እየቀረ ነው። እኔ ቤት አሁን የባለቤቴ እህት ልጅ ለትምህርት ተቀምጣለች። ከመጣች አራት ወሯ ነው፤ እንግዳ ናት ብዬ ክፉ ቃል ሳልናገራት ቆየሁ። ከቢቸና በተመለስኩ ሰሞን ግን ቁርሷን ሳትበላ ልትወጣ ስትል አየኋትና፣ "ነይ ተመለሺ! ሆድሽን ባዶውን አድርገሽ የት ልትሄጂ ነው?" ብዬ እንደ ገዛ ልጄ ጮህኩባት።

ክው ብላ ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ከልጆቼ መካከል ገብታ ተቀመጠችና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ዳቦ ራሷ አነሣች።